ከጀጎል ሳንወጣ ስለ መብረር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)





የንግግራችን ርእስ የበረራ ማስመሰያን ዓይን ላይ ከሚጠለቀው የምናባዊ እውነታ መነጽር ጋር አገናኝቶ ስለ ማሠራት ነው። ርእሱ ረጅም ቢመስልም ነገሩ አጭር ነው፤ ይኸውም አንድ የሐረር ተማሪ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ ከድሬዳዋ አይሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ፣ ደንገጎን ተሻግሮ፣ ጀጎልን ከሰማይ የሚያይበት ዘዴ ነው። ዳሩ ግን ዘዴው እንደ አነጋገሩ ቀላል አልሆነልንም። አምስት ወር ፈጅቶብናል። በዚያም መካከል አንዲት ጓደኛችንን ከምትመኘው ሙያ ልናስቀራት ጥቂት ቀርቶን ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ማስመሰያው አመጣጥ ጥቂት እንበል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣች ፖቴዝ 25 የተባለች አይሮፕላን አዲስ አበባ አጠገብ አረፈች። በአገራችን ምድር የመጀመሪያዋ አይሮፕላን እርስዋ ነበረች። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ ከመሬት ሳይነሣ የሚያስተምር ትንሽ አይሮፕላን ሠራ። የቤተሰቡ ሥራ ኦርጋንና ፒያኖ መሥራት ስለ ነበረ፣ ሣጥኑን ወዲያና ወዲህ የሚያዘነብለው በኦርጋን ወናፍ ነበር። ወናፍ ምን እንደ ሆነ ለሐረር ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቀጥቃጮቻችን እሳታቸውን የሚያናፉበት ነው። ሰዎች መጀመሪያ እንደ መጫወቻ ቈጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ፖስታ እንዲያመላልስ ታዝዞ አብራሪዎቹ በጭጋግና በማዕበል ሲያልቁበት፣ ስድስት ሣጥኖች ገዛ። ከዚያ ወዲህ መጫወቻ ያለው ሰው የለም።

ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ የቦይንግ 737፣ የ767፣ የ777፣ የ787፣ የኤርባስ 350ና የኪው 400 ማስመሰያዎች አሉት። እነዚህ በስድስት እግር ላይ ቆመው እንደ እውነተኛው አይሮፕላን የሚንቀሳቀሱ ትልልቅ ክፍሎች ናቸው። ይህን የመሰለ ነገር በሐረር የለም። ስለ አየር ኀይል ሲወራ «ሐረር ሜዳ» የሚለውን ስም የሰማ እንግዳ በከተማችን ያለ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ስሙ የእኛ ነው እንጂ ቦታው ቢሾፍቱ ነው። እኛ ከመደበኛ አይሮፕላን ጋር ለመገናኘት ወደ ድሬዳዋ መውረድ አለብን።

ስለ መነጽሩ ደግሞ፣ አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ራስ ላይ የሚደረግ የኮምፕዩተር ሥዕል ማያ ሠርቶ አሳይቷል። ክብደቱ ለአንገት የሚቻል ስላልነበረ ከጣራ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ኤክስ ፕሌን የተባለው የበረራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2018፣ የማይክሮሶፍቱ ደግሞ በ2020 መጨረሻ ከመነጽር ጋር እንዲሠሩ ተደረጉ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ባለሥልጣን በመነጽር የሚሠራ የሄሊኮፕተር ማስመሰያን ለትምህርት የሚያገለግል ነው ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አጸደቀ። ስለዚህ እኛ የጀመርነው ነገር የልጅ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ወላጆቻችን እንዲረዱልን እንለምናለን።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። መነጽሩን የላከልን በውጭ አገር የሚኖር የአንዱ ጓደኛችን አጎት ነው። ኮምፕዩተሩን ያገኘነው ከሌላው ጓደኛችን ወንድም ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ያለው ቢሆንም አዲስ አይደለም። የመሪውን እጀታ ገዛን። የእግር መርገጫውን ከጣውላና ከበር ማጠፊያ ራሳችን ሠራነው፤ እስከ ዛሬ ይንቋቋል።

ሥራውን የጀመርነው ከትምህርት ቤታችን ክፍሎች በአንዱ ነበር። መነጽሩን ያጠለቀው ልጅ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ አይሮፕላኑ ከወንበሩ ሥር ቀስ እያለ እየተንሸራተተ ይሄድበት ነበር። አንድ ጊዜማ ከክንፉ ውጭ በአየር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ምክንያቱን በኋላ ደረስንበት። መነጽሩ በፊቱ ላይ ትንንሽ ካሜራዎች አሉት፤ ሰውየው ራሱን ወዴት እንዳዞረ የሚያውቀው በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ማዕዘኖችና ምልክቶች እያየ ነው። የክፍሉ ግድግዳ ነጭ፣ ባዶና ደብዛዛ ስለ ነበረ የሚይዘው ምልክት አጣ። እንግዲህ ምልክት የሞላበት ግድግዳ ወዴት ይገኛል ብለን ስንጨነቅ፣ አንዱ ጓደኛችን ሳቀና «የአያቴ ቤት» አለ።

ቤቱ ከሸዋ በር ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ባጃጅ በማያልፍበት ጠባብ መንገድ ላይ ያለ የጥንት የሐረሪ ቤት ነው። ኮምፕዩተሩን በእጃችን ተሸክመን አስገባነው። የሐረሪን ቤት የምታውቁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳሕን ያጌጠ ነው፤ ነደባ የሚባለውም መደብ በደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ ነው። መነጽሩ ይህን ሁሉ ቀለምና ክብ ሲያይ አንድ ጣት ያህል እንኳ አልተንሸራተተም። ግንቡ ወፍራም ስለ ሆነ ኮምፕዩተሩም እንደ ቀድሞው አልጋለም። ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ ለሥራው የተመቸ ቦታ ያገኘው በአያቶቻችን እልፍኝ ውስጥ በመሆኑ፣ እንደ ተኰራን አንሸሽግም።

ቀጥሎ የመጣው ችግር የገመድ ነበር። የስልክ መሙያውን ገመድ ሰክተን ሥዕሉ ሲቆራረጥ ኮምፕዩተሩን ስንወቅስ ሰነበትን። ሁለት ገመዶች ጫፋቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ውስጣቸው ግን ይለያያል። ዩ.ኤስ.ቢ. 2 የሚባለው በሰኮንድ እስከ 480 ሚሊዮን ቢት ሲያሳልፍ፣ ዩ.ኤስ.ቢ. 3 የሚባለው የመጀመሪያው ዓይነት እንኳ እስከ 5 ቢሊዮን ያሳልፋል። አንዳችን ድሬዳዋ ወርዶ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ትክክለኛውን ገዝቶ መጣ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጊዜ ያባከነብን ግን አንድ ትንሽ ምልክት ነው። የበረራው ፕሮግራምና መነጽሩ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ በመካከላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦፕን ኤክስ አር የተባለ የጋራ የመነጋገሪያ ደንብ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ደንቡን የሚያስፈጽመው ፕሮግራም በኮምፕዩተሩ ላይ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚሠራው ግን «ዋናው አንተ ነህ» የተባለው ብቻ ነው። በእኛ ኮምፕዩተር ላይ ሁለት ነበሩ። የተሾመው የሌላ መነጽር አስተርጓሚ ስለ ነበረ፣ ፕሮግራሙ ሲናገር የእኛ መነጽር አይሰማም። በፈረስ መጋላ አንድ ሰው በሱማሊኛ የጠየቀውን ዋጋ ሐረሪኛና ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሊያስተረጉም ቢቀመጥ ገበያው እንደማይደራ ሁሉ፣ እኛም ሦስት ሳምንት ጥቁር መስኮት ስናይ ከረምን። ፕሮግራሙን አጥፍተን እንደ ገና ጫንን፤ ደግሞ አጠፋን። በመጨረሻ ከቅንብሩ ዝርዝር ውስጥ አንዲት ምልክት ስንለውጥ፣ በአንድ ቅጽበት የሴስና 172 ወንበር ላይ ተቀምጠን የድሬዳዋን ማረፊያ አየን። ያን ጊዜ የጮኽነውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል።

አሁን የምንናገረው ነገር የሚያሳፍረን ነው፤ ሆኖም ሳንናገረው ብንቀር ንግግራችን እውነት አይሆንም።

ከክበባችን አባሎች አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከልጅነትዋ ጀምሮ አብራሪ ለመሆን የምትመኝ ናት። አዲስ አበባ ወደሚገኘው የአቪዬሽን ትምህርት ለመግባት የማመልከቻውን ወረቀት አሰናድታ ነበር። መነጽሩ እንደ ሠራ ተራዋን ጠብቃ ነደባው ላይ ተቀመጠችና ተነሣች። በሦስተኛው ደቂቃ ፊትዋ ገረጣ፣ ላብ አጠመቃት፤ መነጽሩን ነቅላ ወደ ግቢው ሮጠች። ስትመለስ ሳቅንባት። ከመካከላችን አንዱ፣ እርሱም ዛሬ በዚህ መድረክ ላይ ከእኛ ጋር ቆሟል፣ «ሰማዩ አልፈቀደሽም» አላት። እርስዋም ምንም አልመለሰች። በማግሥቱ ማመልከቻውን ደብተርዋ ውስጥ ከተተችው። «የእኔ ሰውነት ለዚህ አልተፈጠረም» ብላ ወደ ክበባችን መምጣት ተወች።

እውነቱ ግን ምን ነበር? ሁላችንም ታመን ነበር። አንዱ «ራሴን ፈለጠኝ» ብሎ ሰበብ ሰጥቶ ወጥቷል፤ ሌላው «የቤት ሥራ አለብኝ» ብሏል፤ ያ የተሳለቀውም ልጅ በዚያው ዕለት ማታ ራቱን ሳይበላ ተኝቷል። ከመካከላችን አሥር ደቂቃ የቆየ አልነበረም። እያንዳንዳችን ስለ ደበቅነው ግን የታመመችው እርስዋ ብቻ መስላ ታየች። ይህ የተገለጠው ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ደፍሮ መጀመሪያ የተናገረ ሰው ሲገኝ ነው።

ከዚህ በኋላ ምክንያቱን በደንብ መመርመር ጀመርን። የመነጽራችን ማያ በሰኮንድ 72 ጊዜ አዲስ ሥዕል ይፈልጋል፤ ያውም ለግራና ለቀኝ ዓይን የተለያየ። ሂሳቡ ቢሰላ ኮምፕዩተሩ ሁለቱን ሥዕሎች ሥሎ ለመጨረስ ያለው ጊዜ 14 ሚሊሰኮንድ አይሞላም። የእኛ ግን 40 ሚሊሰኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። በጠፍጣፋ ማያ ላይ ይህ መዘግየት ብዙ አያስቸግርም። ዓይን ላይ በተጠለቀ ማያ ግን ራሳችንን ስናዞር ዓለሙ ወደ ኋላ ቀርቶ ቆይቶ ይከተለናል። በጆሮአችን ውስጥ ደግሞ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ የራሳችንን መዞር ለአእምሮ የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። ጆሮ «ዞረሃል» ሲል ዓይን «ገና ነኝ» ይላል። ሁለት ምስክሮች ሲጣሉ ዳኛው አእምሮ ግራ ይጋባል፤ የሚከፍለው ግን ሆድ ነው።

ስለዚህ ሥዕሉን ማቅለል ነበረብን። በዚህ ጉዳይ ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የደመናውን፣ የጥላውንና የዛፉን ውበት አናጠፋም አለ። ሌላው ወገን ውበቱ ነው የሚያሳምመን አለ። የተጣራውም ነገር የሁለተኛው ወገን እውነት መሆኑ ነው፤ ሰው በመነጽር ሲበር የሚያስፈልገው የተዋበ ደመና ሳይሆን በጊዜው የሚደርስ ሥዕል ነው። ደመናውን ቀነስን፤ ጥላውን አጠፋን፤ የሕንፃዎቹን ብዛት አሳነስን፤ የሥዕሉንም ጥራት ጥቂት ዝቅ አደረግን። ይህም ሁሉ ሆኖ 72 አልደረስንም። በመጨረሻ የመነጽሩን የራሱን ብልሃት ተጠቀምን፤ ኮምፕዩተሩ በሰኮንድ 36 ጊዜ በእውነት ይሥላል፣ በየመካከሉ ያለውን ሌላውን 36 መነጽሩ ከቀደመው ሥዕል ተነሥቶ በግምት ይሞላዋል። ግምቱ በሚሽከረከረው ውልብልቢት ዙሪያ ይሳሳታል፤ እዚያ አካባቢ አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል። ሆድን ግን አያውክም።

ሌላ ጥፋትም አገኘን። የመነጽሩ ሁለት ሌንሶች እንደ ሰውየው የዓይን ርቀት ይጠጋሉ ይራራቃሉ፤ የእኛው ማቆሚያዎች ሦስት ናቸው፤ 58፣ 63ና 68 ሚሊሜትር። መጀመሪያ የሞከረው ልጅ ፊቱ ሰፊ ስለ ነበረ 68 ላይ አድርጎት፣ ከዚያ ወዲያ የነካው ሰው አልነበረም። የጓደኛችን የዓይን ርቀት በማስመሪያ ሲለካ 58 ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ እርስዋ ከሁላችን ይልቅ የታመመችው በሌላ ሰው መነጽር ስላየች ነው።

ይህን ልንነግራት ሄድን፤ አልሰማችንም፤ ልትሰማንም አይገባም ነበር። የሆነ ሆኖ የቤቱ ባለቤት፣ የጓደኛችን አያት፣ ነገሩን ሰምተው ነጠላቸውን ደርበው ራሳቸው ለሽምግልና ሄዱ። ምን እንዳሉዋት በኋላ ነግራናለች። «ልጄ፣ ጥፋቱ የመኪናው ነው ብለው አምነዋል። ነይና አንቺው ፍረጂ» ነበር ያሉዋት።

መጣች። ሌንሱን አስተካከልንላት፤ ዝም እንድንል አዘዘችንና ተነሣች። ከዚያ በፊት ከእኛ አንዱ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሐረር በመምራቱ ደንገጎ ላይ ተላትሞ ነበር። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1160 ሜትር ያህል ናት፤ ሐረር ግን 1880 ሜትር አልፋ ትገኛለች፤ በመካከል ያለው ተራራ ከሁለቱም ይበልጣል። ትንሽ አይሮፕላን ደግሞ በሙቀትና በቀጭን አየር ቶሎ ከፍ አይልም። እርስዋ ይህን አስባ በከተማው ላይ እየዞረች ከፍታዋን ከጨመረች በኋላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቀናች። ሐረማያን በቀኝዋ አየች። የአየሩ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሴስና ሩብ ሰዓት የሚሞላ አይደለም። ጀጎልን ዞራ ወደ ድሬዳዋ ስትመለስ፣ ለማረፍ በምትዞርበት ጊዜ ራስዋን ወደ ግራ ትከሻዋ አዙራ ማረፊያውን ስትፈልግ አየናት። የመነጽሩ ትርፍ ይኸው ነው። በጠፍጣፋ ማያ ላይ ይህን ለማድረግ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፤ በመነጽር ግን አንገት እንደ አብራሪ አንገት ይማራል። ሁለት ጊዜ ሳይመቻት ቀርቶ ሳታርፍ ተመልሳ ተነሣች፤ በሦስተኛው አረፈች። ሰዓቱን ስናየው አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር። ማመልከቻውን ከደብተርዋ አውጥታ ልካዋለች፤ መልሱን ገና እየጠበቀች ነው።

አንዳንድ ወላጆች እንዲህ ብለው ጠይቀውናል፤ «ይህች ልጅ በደንገጎ ጥምዝ መንገድ በሚኒባስ ስትወርድ አሁንም ያስመልሳታል፤ እንዴት ታበራለች?» ይህ የመነጽሩ ተቃራኒ ነው። በሚኒባስ ውስጥ ጆሮ መዞሩን ሲያውቅ ዓይን የፊተኛውን ወንበር ጀርባ እያየ ዝም ብሎ ተቀምጧል ይላል። ሹፌሩ ግን መንገዱን ስለሚያይና የሚመጣውን ጥምዝ አስቀድሞ ስለሚያውቅ አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም። ጓደኛችንም የምትመኘው የሹፌሩን ወንበር ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያችንን ከሚገባው በላይ አናመሰግነውም። በእርሱ የተበረረ ሰዓት በማንም መዝገብ አይቈጠርም። ወንበሩ አይዘነብልም። ከሁሉም ይልቅ እጅ ዕውር ነው፤ መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ጣቶቹንም ቁልፎቹንም አያይም። ለዚህ ያገኘነው መላ፣ በሚያስፈልጉት ቁልፎች ላይ ጨሌ በማስቲሽ መለጠፍ ነው፤ አንድ ጨሌ ለጎማ፣ ሁለት ጨሌ ለክንፉ ማጠፊያ፣ ሦስት ደግሞ እይታውን ወደ መካከል ለመመለስ። መብራት ሲጠፋም ኮምፕዩተሩ ወዲያው ይሞታል፤ አብራሪው በጨለማ ውስጥ መነጽር አጥልቆ ይቀራል፤ ይህ በሐረር ስንት ጊዜ እንደሚሆን ለእናንተ አንነግራችሁም።

አያታችንም አንድ ቀን ሞክረዋል። ልጁ አይሮፕላኑን ሲያበርላቸው እርሳቸው ነደባው ላይ ተቀምጠው ቍልቍል እያዩ ቤታቸውን ፈለጉ። ፕሮግራሙ ለከተማችን የሣለው ግን ጣራቸው ሾጣጣ የሆነ የውጭ አገር ቤቶችን ነበር፤ ግንቡንም ጨርሶ አልሣለውም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጆቼ፣ ይህ ሐረር አይደለም። አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ የታለ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራው፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ጀጎል በዚያ ሰማይ ሥር አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንቡን ለመሣል ተነሥተናል። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፣ ከፍታው አራት ሜትር ያህል ነው። ዙሪያውን በእግራችን ሄደን በስልካችን ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች የሸዋ በርንና የኤረር በርን ጨርሰናል። የፈላና፣ የቡዳና የሰንጋ በር ይቀራሉ። ፎቶግራፍ ያላችሁ ወላጆች ብታውሱን ደስ ይለናል። ጣራዎቹም ገና ሾጣጣ ናቸው።

አሁን መሣሪያውን ወደ ፊዚክስ ክፍል አምጥተነዋል፤ ግድግዳው ባዶ ስለ ነበረ ትናንት ከየቤታችን ስፌት አምጥተን ሰቅለንበታል። መሞከር የሚፈልግ ሁሉ በተራ ይምጣ። በር ላይ የዓይን ርቀት የሚለካ ልጅ በማስመሪያ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ሳትለኩ አትግቡ። የሚያዞረው ሰው ካለ ወዲያው መነጽሩን አውልቆ ይንገረን፤ የሚስቅ የለም።